ጫማ ውስጥ የገባች እጅ

ዛሬ ማለዳ በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ ባለው የእግር መንገድ ላይ ስሄድ፣ ከፊቴ ይራመዱ የነበሩ አንድ አዛውንት አረፍ ብለው ጫማቸውን ሲያወልቁ አየሁና «አባባ፣ ጠጠር ገባብዎት?» አልኋቸው።

«እሱን እኮ ነው የማላውቀው ልጄ» አሉኝ።

የስኳር ሕመም የእግራቸውን ነርቭ ስለጎዳው፣ ጠጠር ቢገባ እንኳ አይሰማቸውም። ስለዚህ ጫማውን ገልብጠው ካራገፉ በኋላ እጃቸውን እስከ ጫፉ አስገብተው፣ እንክርዳድ እንደሚለቅም ሰው፣ ውስጡን በጣቶቻቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት። ካልሲያቸው ነጭ ነበር፤ ለካ ደም ቢነካው ቶሎ እንዲታያቸው ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሲራመድ ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ስለሚችል፣ በሸሚዛቸው ኪስ ሁለት ከረሜላ ይዘዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው አዋቂዎችም አቅማቸው ከፈቀደ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለእኔ ግን ደም ግፊት እንዳለብኝ በታወቀ ዕለት የተነገረኝ «ስፖርት ሥራ» የሚል ብቻ ነበር፤ እንዴት፣ ምን ያህል፣ ምን ተጠንቅቄ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። እኔም ውድ የሩጫ ጫማ ገዝቼ በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ሥር ጣልኩት።

አዛውንቱ ክራቸውን አስረው ተነሡና «እያወራን መሄድ ከቻልን ፍጥነታችን ልክ ነው» አሉኝ። እያወራን ሄድን። ታንኳዎቹ ጋ ስንደርስ የሌላኛውን እግር ጫማ ሊፈትሹ ደግመው ተቀመጡ።