ባንኮክ ላይ ገንዘብ የሚበላው ሙቀቱ ነው

ባንኮክ ልንሄድ ነው ስንል መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ «ማን ታመመ?» ነበር። ቀጥሎ «ምን ልታመጡ ነው?» መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ባንኮክ ማለት ወይ ሆስፒታል ነው፣ ወይ የልብስ ንግድ። ለሽርሽር ነው ስንል አክስቴ «ገንዘብ ተርፏችሁ!» ብላ ሳቀች። አልተረፈንም። እኔም ባለቤቴም ደሞዝተኞች ነን። እቁብ ገባን፣ ዕጣው ሲወጣልን ትኬት ቆረጥን፣ የቀረውን ይዘን ሄድን። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ማብቃቃት ነበር።

የሄድነው በነሐሴ ነው። እዚያም ዝናብ ስለሆነ ቱሪስት ይቀንሳል፣ የአልጋ ዋጋም ይወርዳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ቀለል ያለ ነው፤ ግን ዓለም ሁሉ የሚመጣው ያኔ ነው።

አውሮፕላን ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ለንግድ የሚመላለሱ ነበሩ። የጉዞው ምርጥ ምክር ከእሳቸው ነው የተገኘው። «የኔ ልጅ፣ ላይ እንዳትመነዝሪ። ባቡሩ ያለበት ምድር ቤት ውረጂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ላይኛው ፎቅ ያሉት የባንክ መስኮቶች የሚሰጡት ምንዛሬ ዝቅ ያለ ነው። ከባቡሩ መግቢያ አጠገብ ያሉት ትንንሽ መንዛሪዎች የተሻለ ይሰጣሉ። ደግሞ ባለመቶ ዶላር ኖት ከአንድና ከአምስት ዶላር ኖት በተሻለ ዋጋ ይመነዘራል። ንጹሕ፣ ያልተጻፈበት መቶ ዶላር ያዙ።

እሳቸው ስለ ቢጫ ካርዱም ነግረውናል። ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ኢሚግሬሽን ጋ ከመሰለፉ በፊት ጤና ቁጥጥር ጋ ሄዶ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ማሳየት አለበት። ይህን ያላወቁ ያንን ረጅም ሰልፍ ጨርሰው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ተመለሱ ተባሉ። አሳዘኑኝ።

ወደ ከተማ በባቡር ገባን። እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ ፓያ ታይ 45 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው። በታክሲ ቢሆን ብዙ እጥፍ እናወጣ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባንኮክ ርካሽ ነው ይባላል፣ ርካሽም ነው። ገንዘቡን የሚበላው ሙቀቱ ነው። ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ ላብ ጀርባ ላይ ይንቆረቆራል። ያኔ በእግር አሥር ደቂቃ የሚያስኬደውን መንገድ በታክሲ ትሄዳለህ። ቀዝቃዛ ነገር ትገዛለህ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ትገዛለህ። ለመቀዝቀዝ ብለህ የገበያ ማዕከል ትገባለህ፣ ከገባህ ደግሞ ባዶ እጅህን አትወጣም። ባለቤቴ በየማታው ሂሳብ ይጽፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ወረቀቱን ስናየው ጎላ ጎላ ያለው ወጪ ሁሉ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ የወጣ ነው።

ስለዚህ ቀኑን ለሁለት ከፈልነው። ጎህ ሲቀድ እንወጣለን፤ በዚያ ሰዓት ከተማው ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው ምጽዋት እየተቀበሉ ያልፋሉ። አምስት ሰዓት ሲሆን ወደ ክፍላችን ተመልሰን እንተኛለን። አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ከጣለም እዚያው ሆነን እናሳልፈዋለን። ከዚያ እስከ ማታ ድረስ ውጭ ነን።

በክፍሉ ጉዳይ ግን ተጨቃጭቀናል። እሱ ቬንትሌተር ያለው ርካሽ ክፍል ይበቃናል አለ። እኔ ኤሲ ካልሆነ አልሄድም አልኩ። ራቻቴዊ አካባቢ ለአዳር 700 ባት የሆነች ጠባብ ባለ ኤሲ ክፍል ያዝን። ቀኑን ተኝተን የምናሳልፍ ከሆነ ኤሲው ወጪ ሳይሆን ቁጠባ ነው። ቀዝቃዛ ክፍል ያለው ሰው ለመቀዝቀዝ ብሎ ቡና ቤት አይገባም። ይህን ክርክር ያሸነፍኩት እኔ መሆኔ ይመዝገብልኝ።

የገንዘቡ አያያዝ ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት 1,000 ባት አንዲት ቀጭን ቦርሳ ውስጥ እንከታለን፤ የሁለታችን የቀን ወጪ ያ ነው። ቦርሳዋን የሚይዘው በየቀኑ ይቀያየራል። ይህ መቀያየር ብዙ ጭቅጭቅ አስቀርቷል፤ ሁሌ አንዱ ከያዘ ሌላው ለማኝ ይሆናል። ከዚያ ውጪ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ የማይነካ ምርጫ ነበረን። ውድም ቢሆን ሌላው ትንፍሽ አይልም።

እሱ ታላቁን ቤተ መንግሥት መረጠ። መግቢያው ለአንድ ሰው 500 ባት ነው፣ ስለዚህ ብቻውን ገባ። በር አካባቢ አንድ ሽክ ያለ ሰውዬ «ዛሬ ዝግ ነው፣ በባጃጅ ሌላ ቦታ ላሳያችሁ» ብሎን ነበር። የታወቀች ማጭበርበሪያ ናት፤ መጨረሻዋ የጌጣጌጥ ሱቅ ነው። ዝግ ነው የሚላችሁን ሁሉ አልፋችሁ በሩ ጋ ድረሱ።

እኔ በዚያ ሰዓት አጠገቡ ያለው ዋት ፖ ገባሁ፣ 300 ባት። 46 ሜትር የሚረዝም የተጋደመ ቡድሃ አለ። ከጀርባው በኩል ግድግዳውን ተከትለው 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል። 20 ባት ከፍለህ ሽርፍራፊ ሳንቲም ትቀበልና እየሄድክ በየሳህኑ አንድ አንድ ትጥላለህ። አዳራሹ በሙሉ ቅጭል ቅጭል ይላል። ቤተ መቅደስ ሲገባ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ስስ ነጠላ ይዤ ስለነበር ሻርፕ ለመግዛት ገንዘብ አላወጣሁም። የማይነካው ምርጫዬ ማሳጅ ነበር። ከዚያ ሁሉ እግር ጉዞ በኋላ ለአንድ ሰዓት 300 ባት ስከፍል አልቆጨኝም።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፍልሰታ ነበር፣ ሁለታችንም እንጾማለን። ታይላንድ ውስጥ አትክልት ብቻ ነው ብለው የሚሰጡህ ሳህን እንኳ የዓሣ ፈሳሽ ወይም የሽሪምፕ ድልህ አያጣውም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ ትቼዋለሁ። መፍትሔው «ጄ» የሚባለው ምግብ ነው። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ፊደል ከተጻፈበት ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም። ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር አይገባበትም። ሩዝ ላይ ሁለት ዓይነት ወጥ አስጨምረን ለአንድ ሰው ከ60 ባት አልፎብን አያውቅም። በመሃል እንጀራ ሲያምረን ናና አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ሄድን። በያይነቱ ጥሩ ነበር። ግን በአንድ ምሳ የቀን በጀታችንን ጉድ ስላደረገው አልደገምነውም።

መክሰሳችን ከጋሪ ላይ ነው። ሴትየዋ አናናሱን ከበረዶው ላይ አንስታ በሰፊ ቢላ ቶሎ ቶሎ ትቆራርጠዋለች፣ ፌስታል ውስጥ ትከተዋለች፣ የቀርከሃ ስንጥር ትሰካበታለች። ከዚያ ስኳር፣ ጨውና በርበሬ የተቀላቀለበት ትንሽ ላስቲክ ትጨምርልሃለች። 20 ባት። አናናስ በሚጥሚጣ ብላችሁ አታጣጥሉት፣ እኔ አሁን ቤቴም እንዲያ ነው የምበላው። የሚጠጣ ውሃ ደግሞ በየመንደሩ ከቆሙ ማሽኖች ይቀዳል። ጠርሙስህን ታስገባለህ፣ አንድ ባት ስትጥል ሊትር ገደማ ይሞላልሃል።

ለመጓጓዣ ከሁሉ የወደድኩት የሴን ሴፕ ቦይ ጀልባ ነው። ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቋርጣል፣ የትራፊክ መጨናነቅ የሚባል አያውቀውም፣ ዋጋው ከ25 ባት አያልፍም። ውሃው ጥቁር ነው፣ ይሸታልም። ሌላ ጀልባ ሲያልፍ ዳር የተቀመጠው ተሳፋሪ ገመድ ይስብና የላስቲክ መጋረጃውን ከፍ ያደርጋል። ዳር ከተቀመጥክ ሥራው ያንተ ነው፤ ከዘገየህ ያ ውሃ ሁሉም ፊት ላይ ይረጫል። ትኬት ቆራጯ ሄልሜት አድርጋ በጀልባው ጠርዝ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ገመድ ይዛ ትሄዳለች። የኛ ወያላ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ የሚደነግጥ ሰው እዚያ መጥቶ ይይ። ስትወርድ ፈጠን በል፣ ጀልባው በደንብ አይቆምልህም።

ማታ ማታ ሉምፒኒ ፓርክ እንሄዳለን፤ መግቢያ የለውም። በኩሬው ዳር እንደ አዞ የሚያስደነግጡ ትልልቅ እንሽላሊቶች ይንፏቀቃሉ፣ ሰው ግን ጉዳዬም አይላቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ብሔራዊ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። የሚሮጠውም የሚሄደውም ባለበት ቀጥ ይላል። እናንተም ቁሙ።

ለዘመድ ዕቃ መግዛት አይቀርም። ፕራቱናም ውስጥ ፕላቲነም በሚባለው ሕንፃ ብዙ ሱቆች ከአንድ ቤት ሦስት ልብስ ለሚገዛ የጅምላ ዋጋ ይሰጣሉ። ስለዚህ ለእህቶቼ አንድ አንድ ከተለያየ ሱቅ ከመልቀም ሦስቱንም ከአንድ ቤት ገዛሁ። ተመሳሳይ ቀሚስ ነው ያመጣሽልን ብለው አኩርፈዋል፣ ግን ለብሰውታል። ሳንቲሞቻችሁን እዚያው ጨርሱ፣ አዲስ አበባ የሚመነዝርላችሁ የለም። በዝናብ ወራት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ስኒከራችሁን ቤት ትታችሁ የላስቲክ ጫማ ያዙ፤ መንገዱ ላይ ውሃው በግማሽ ሰዓት ቁርጭምጭሚት ይደርሳል።