ተኝቼ ደህና፣ ቆሜ ሌላ ሰው

ፋይሌ ወፍራም ነው። ራጅ፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ የደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ስኳር። ለቲቢም አክታዬ ታይቷል። ሁሉም ላይ «ኖርማል» ይላል። አንዱ ሐኪም ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የምኖረው አራተኛ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሊፍት የለም።

ኮቪድ የያዘኝ በመጋቢት 2013 ነበር። ኦክስጅን አልፈለግሁም፣ ሆስፒታልም አልተኛሁም። አሥር ቀን ትኩሳትና ሳል፣ የእናቴ ዳማከሴ፣ ዝንጅብል፣ አለቀ። አለቀ ብዬ ነበር። ሰኔ ላይ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ኤክስን ወዴት እንደማሻግረው ጠፋኝ። ሒሳብ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው! ተማሪዎቹ «ቲቸር!» ሲሉ ነው የባነንኩት።

የቡናውስ ነገር። እናቴ ስትቆላ የሚሸተኝ የተቃጠለ ጎማ ሆነ። እንደ ወጉ ጭሱን እንዳሸት ምጣዱን ወደ እኔ ስታስጠጋ አፍንጫዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ነገሩን የያዘችው አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። አዲስ ምርመራ አላዘዘችም። አልጋ ላይ አስተኛችኝና ያችን የልብ ምትም የምታሳይ የኦክስጅን መለኪያ ጣቴ ላይ ሰካች። አሥር ደቂቃ ተኝቼ ልቤ 72 ይመታል። «በይ ተነሺ፣ ግድግዳውን ተደግፈሽ ቁሚ፣ እንዳታወሪኝ» አለች። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ 98። አምስተኛው ላይ 110። አሥረኛው ላይ 116። እግሬ ወይን ጠጅ መሰለ፣ ጆሮዬ ጮኸ። የደም ግፊቴ ግን አልወረደም።

ማንም ሰው ሲቆም ልቡ ትንሽ ይፈጥናል። በአዋቂ ላይ በ10 ደቂቃ ውስጥ 30ና ከዚያ በላይ ጨምሮ እዚያው ከቆየ፣ ግፊቱም ካልወረደ፣ ምልክቶቹም ለወራት ከዘለቁ ሕመሙን ፖትስ (POTS) ይሉታል። ስንቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል። የደም ሥሩን ጠበብ የሚያደርገው ነርቭ ሲሰንፍ ልብ በሩጫ ያካክሳል። ከኮቪድ በኋላ ብዙ ሰው ላይ ታይቷል አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ለዚህ ለማይለቀው ኮቪድ (ሎንግ ኮቪድ ለሚሉት) ትርጉም አውጥቶለታል፦ ምልክቱ ከያዘን ከሦስት ወር በኋላም ያለ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየ፣ በሌላ በሽታ የማይገለጽ።

ፋይሌን እንደገና አየሁት። ኢሲጂው ተኝቼ፣ አልትራሳውንዱ ተኝቼ፣ ደሙ ተቀምጬ ነው የተወሰደው። ቁሚ ያለኝ አልነበረም። ወረቀቶቹ አልዋሹም፣ የተጠየቁትን ነው የመለሱት።

የታዘዘልኝ ውኃ በብዛት፣ ጨው ጨመር፣ እስከ ጉልበት የሚጠብቅ ካልሲ ነው። (ግፊት ያለባችሁ ጨዉን ከእኔ እንዳትቀዱ።) ሁዳዴ ላይ ውኃ ሳልጠጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አልቻልኩም፤ የንስሐ አባቴ «ጠጪ ልጄ» ብለው ገላገሉኝ። «ስፖርት ሥሪ፣ ይለቅሻል» የሚሉኝን ሰምቼም አንድ ቅዳሜ ሮጫለሁ። እሑድ ደህና ነበርኩ። ሰኞ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ፣ እስከ ሐሙስ። ዕዳው የሚመጣው በማግስቱ ወይ ከዚያ ወዲያ መሆኑ ነው የሚያታልለው።

ለአፍንጫዬ ጠዋትና ማታ ሎሚ፣ ቅርንፉድና የባሕር ዛፍ ቅጠል አሸታለሁ፣ እያንዳንዱን ሃያ ሰከንድ ያህል። ጎማው ቀርቷል። ቡናው ግን ገና ቡና አልሆነም፤ አሁን የሚሸተኝ እርጥብ ካርቶን ነው። እናቴ ይህን እንደ መሻሻል ቆጥራዋለች።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ደረጃው ላይ ስቀመጥ ደጋግመው አይተውኝ አንድ ቀን በርጩማ አወጡልኝ። «ሲሚንቶው ይበርድሻል» ብለው። እስካሁን እዚያው ነው። ማታ ማታ የሕንፃው ልጆች ተቀምጠውበት ስልክ ይነካካሉ፤ ሳለከልክ ስመጣ ሲሰሙ ይነሱልኛል።