ከሁለቱ ጥቁር ነጥቦች ባሻገር፦ የሲካዱሊና ልየታ በጅማ

በጅማና በአካባቢዋ ነፍሳት ለምትሰበስቡ ወዳጆቼ፣ የቅጠል ዘላዮች፣ ማለትም በዕፅዋት ላይ የሚዘሉ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ልየታዬ የደረሰበትን ላካፍላችሁ። ስጀምር መረቤ ውስጥ የገባውን ሁሉ ነበር የምይዘው። አሁን ትኩረቴ ሲካዱሊና በሚባለው ወገን ላይ ነው። ምክንያቱም በቆሎ ነው፤ የበቆሎን ቅጠል በነጣ ያሉ የተቆራረጡ መስመሮች የሚያዥጎረጉረውን ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል የሚያደርሱት የዚህ ወገን ዝርያዎች ናቸው። በቆሎ በሚበላበት አገር ይህን ነፍሳት ለይቶ ማወቅ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሊሆን አይችልም።

መጀመሪያ አስተኔውን፣ ማለትም ነፍሳቱ ያለበትን ሰፊ ቤተሰብ። የኋላ እግሩን ቅልጥም በአጉሊ መነጽር እዩት፤ ከላይ እስከ ታች በረድፍ የተሰለፉ ቀጫጭን እሾሆች ካሉት ሲካዴሊዴ፣ ማለትም የቅጠል ዘላዮች አስተኔ ነው። እነሱን የሚመስሉት አረፋ ሠሪዎቹ እዚያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ወፋፍራም እሾህ ብቻ ነው ያላቸው። ሌሎቹ መሳይ ዘላዮች፣ ዴልፋሲዶች፣ ደግሞ በቅልጥማቸው ጫፍ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ጉጥ አላቸው። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ አይምታታበትም።

ሲካዱሊና 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት፣ ቢጫማ፣ ቀጠን ያለች ናት። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍባቸው በራሷ የፊት ጠርዝ፣ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ያሉት ሁለት ክብ ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ነገር ግን ነጥብ ያላቸው ሌሎች ቅጠል ዘላዮችም ስላሉ በነጥቡ ብቻ መወሰን አይበቃም። እኔ ቀጥዬ የፊት ክንፉን እከፍታለሁ። በአብዛኞቹ ዘመዶቿ ከክንፉ ጫፍ ቀደም ብለው ሦስት ዝግ ክፍሎች ሲኖሩ፣ ሲካዱሊና ባለችበት ነገድ (የአስተኔው ንዑስ ክፍል) የውጭኛው ስለሚጎድል ሁለት ብቻ ይታያሉ። ክንፉን በአልኮል አርሶ ከታች ብርሃን ሲሰጡት የክንፉ ደም ሥሮች ቁልጭ ብለው ይወጣሉ።

ዝርያውን የሚናገረው የወንዱ ሆድ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ እኔ የምወደውም ይህንን ክፍል ነው። ሆዱን በጥሩ መርፌ ለይቼ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ሲነጋ ሥጋው ሟሙቶ ጠንካራው ቅርፊት ብቻ ይቀራል። በውኃ አጥቤ ጠብታ ግሊሰሪን ውስጥ ሳስገባው፣ ቀድሞ የጠቆረ ነቁጥ ብቻ የነበረው ነገር የጠራ ማር መስሎ ብርሃን ያሳልፋል። ያኔ የብልቱ ዘንግ ከጎን ሲታይ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጫፉ ምን እንደሚመስል፣ በሁለቱ ወገን ያሉት የመጨረሻው ቀለበት ጉጦች ወዴት እንደሚያመለክቱ ይለያል። ከጎንም ከኋላም ሳልስል አልተወውም፤ ፎቶግራፍ ጥልቀቱን ስለሚያጠፋው እርሳስ ይሻላል። ሲያበቃ ብልቱን በጥቃቅን ብልቃጥ ከግሊሰሪን ጋር አድርጌ እዚያው ነፍሳቱ በተሰካበት መርፌ ላይ እሰካዋለሁ። ከባለቤቱ የተለየ ብልት ዋጋ የለውም።

ሴቶቹን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ «ሲካዱሊና፣ ሴት» ብዬ እጽፋለሁ፣ በዚያው አቆማለሁ። ከአንድ ሣር ላይ ከታወቀ ወንድ ጋር ስለተያዘች ብቻ የእሱን ስም መስጠት ስብስብን ያበላሻል፤ ሁለት ዝርያዎች አንድ መስክ ላይ አብረው ይኖራሉና።

ስሙን በጥንቃቄ መስጠት ለምን እንደሚያስፈልግ የዕፅዋት ቫይረስ ተመራማሪው የስቶሪ ሥራ ያሳያል። የነፍሳት ተመራማሪው ክላውድ ፉለር በደቡብ አፍሪካዋ ናታል ይህን የበቆሎ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1901 ገልጾት ነበር። አስተላላፊዋ ሲካዱሊና ምቢላ መሆኗን ያሳየው ግን ስቶሪ ነው፣ በ1920ዎቹ። እሱም በዚህ አላበቃም። በዚያችው አንዲት ዝርያ ውስጥ ቫይረሱን ማስተላለፍ የሚችሉና የማይችሉ እንዳሉ፣ ችሎታውም በዘር እንደሚወረስ በ1932 አሳተመ። የማይችሉትን አንጀት በጥቃቅን መርፌ ሲወጋ ማስተላለፍ ጀመሩ፤ ቫይረሱን ያገደው የአንጀቱ ግድግዳ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንሳት የተቻለው በእጅ ያለችው ነፍሳት ማን እንደሆነች በእርግጠኝነት ስለታወቀ ነው።

ስብሰባውን በተመለከተ፣ በቆሎ ማሳ ውስጥ ከመግባት ዳሩ ላይ ባለው ሣር መረብ ማወዛወዝ የተሻለ ውጤት ሰጥቶኛል፤ የሲካዱሊና መኖሪያ ሣር ነውና። ባለማሳዎቹን ሳላስፈቅድ አልገባም። አንድ አባት የተዥጎረጎረ ቅጠል ቆርጠው «ይህ የእሷ ሥራ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የዚንክ እጥረትም በበቆሎ ቅጠል ላይ ነጣ ያለ ሰንበር ስለሚያወጣ፣ ቅጠሉን ብቻ አይቼ መልስ መስጠት አልፈለግሁም። በቅጠሉ ደም ሥሮች አቅጣጫ የተቆራረጡ ቀጫጭን መስመሮች መሆናቸውን አብረን ተመለከትን፣ በዙሪያው ያሉትን ተክሎችም አየን። ጥያቄያቸው ትክክለኛው ጥያቄ ነበር።

በመጪው በጋ በቆሎው ሲነሳ የት እንደሚጠለሉ መከታተል እፈልጋለሁ፤ በቦዬ ረግረግ ዳር ከሚለመልመው ሣር እጀምራለሁ። እናንተም በየአካባቢያችሁ ወንዶች ካገኛችሁ በ70 በመቶ አልኮል አስቀምጡልኝ። ቦታውን፣ ቀኑንና የተያዘበትን ሣር በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል።