ስማቸው መዝገብ ላይ እያለ

ሰሞኑን የአሜሪካንን አብዮት ሳነብ ነው የከረምኩት፣ የወታደሩ ደሞዝ ነገር ግን ወላሂ አንጀቴን አቃጠለው። እነዚያ ሰዎች ስንት ዓመት በብርድና በረሃብ ተዋግተው፣ እንግሊዝን አሸንፈው፣ በ1783 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በቃ ወደየቤታችሁ ሲባሉ ካዝናው ባዶ ነው። ኮንግረሱ ግብር የመጣል ስልጣን አልነበረውም፣ ያሳተመው ገንዘብም ዋጋ ካጣ ቆይቷል፣ ስለዚህ በደሞዝ ፈንታ የዕዳ ሰርተፊኬት ሰጣቸው፤ መንግስት ይሄን ያህል አለብኝ፣ ወለድም አስብልሃለሁ የሚል ወረቀት። መቼ እንደሚከፈል የሚያውቅ የለም።

ወረቀት ደሞ አይበላ። ብዙዎቹ የአንድ ዶላሩን በ10 በ15 ሳንቲም ሸጡት። እኛ ወሎዎች ይሄን አሳምረን እናውቀዋለን፣ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ ሲያጣድፈው እህሉን ገና ከአውድማ ሳያነሳ በርካሽ ይሸጥና ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል ሰኞ ገበያ ወርዶ በውድ ይገዛል፣ ሞኝ ሆኖ አይደለም፣ ለመቆየት አቅም ስለሌለው ነው። ገዢዎቹ መቆየት የሚችሉት ናቸው፣ የቦስተን የኒውዮርክ የፊላደልፊያ ነጋዴዎች። ኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው የጆን አዳምስ ሚስት አቢጌል ራሷ የመንግስት ዕዳ ወረቀት ትገዛ ነበር፣ ባሏ መሬት ይሻላል ሲላት እሷ ወረቀቱ ያተርፋል ባይ ነበረች።

በጣም ያመመኝ ግን የማሳቹሴትሱ ነው። ግዛቱ የራሱን የጦርነት ዕዳ ወለዱን ጭምር ለመክፈል ከባድ ግብር ጣለ፣ ያውም በወረቀት ሳይሆን በብርና በወርቅ ሳንቲም። ከፋዩ ያው ገበሬ ነው፣ ያው የትናንቱ ወታደር፤ ወረቀቱን በረሃብ ዋጋ ሸጦ አሁን ለገዛው ሰው ወለድ ሊከፍል! መሬቱና ከብቱ በፍርድ ቤት ሲወሰድበት በ1786 እነ ካፒቴን ዳንኤል ሼይስ ተነሱና ፍርድ ቤቶቹን ዘጉ። በጥር 1787 ስፕሪንግፊልድ የጦር መሳሪያ ግምጃ ቤት ላይ በመድፍ 4 ሰው ሞተባቸው። አመጹን ሊያጠፋ ለዘመተው ጦር ገንዘቡን ያዋጡት የቦስተን ነጋዴዎች ናቸው፣ እንግዲህ ነገሩ እዚህ ድረስ ነበር።

ይሄን ለሰፈራችን ለአንድ አባት አጫወትኳቸው። የደርግ ወታደር ነበሩ፣ በ1983 በኛ አቆጣጠር ጦሩ ሲበተን በእግራቸው ደሴ የገቡ፣ መታወቂያቸውን እስካሁን በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። ዝም ብለው ሰሙኝና "የኔ ልጅ፣ ስማቸው መዝገብ ላይ የለም እንዴ?" አሉኝ።

አለ እኮ! የጦሩ ከፋይ ጆን ፒርስ ሰርተፊኬቱ ለማን እንደተሰጠ፣ ስንት እንደሆነ መዝግቦት ነበር። በ1790 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሚልተን ዕዳው ይከፈል፣ የሚከፈለውም ዛሬ ወረቀቱን ለያዘው ነው ሲል የምክር ቤት አባሉ ጄምስ ማዲሰን ተነስቶ ለገዢው የገበያውን ትልቁን ዋጋ እንስጠው፣ ቀሪው ለመጀመሪያው ባለቤት ይሁን አለ። በ36 ለ13 ድምጽ ወደቀ። የሃሚልተን ክርክር ይገባኛል፣ የተሸጠ ወረቀት ወደኋላ ከተመረመረ ማንም ሁለተኛ ቦንድ አይገዛም፣ ለአዲስ አገር ደሞ ብድር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ግን የማዲሰን ሀሳብ ገዢውንም አይጎዳም ነበር፣ ያተርፍ ነበር እኮ። ያኔ ደሞ ወሬውን ቀድመው የሰሙ ሰዎች ሩቅ ገጠር ላለው፣ ምንም ላልሰማው ሰው ወኪል ልከው የቀረውን ወረቀት ሲሰበስቡ ነበር፣ ይሄን ንግድ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም።

ለወታደሩ ጡረታ የመጣው በ1818 ነው፣ ለተራ ወታደር በወር 8 ዶላር፣ እሱም ለደሃ ብቻ። በ1820 ደሞ ድህነታችሁን አስረዱ ተባሉና እነዚያ ሽማግሌዎች ላማቸውን፣ ድስታቸውን ሳይቀር እየቆጠሩ አስመዘገቡ።

የሃሚልተን ምክትል የነበረው ዊልያም ዱዌር ራሱ በዚህ ንግድ ውስጥ ነበረበት፣ በ1792 በዕዳ ታስሯል፤ የሱ ታሪክ ረጅም ስለሆነ ለብቻው እጽፈዋለሁ።