ሦስት ውሻ ይበቃል፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ውሻ ማንሸራሸርን ሥራ ላደረገ ሰው

ውሻ ለማንሸራሸር ወደ አንድ ግቢ ሲኬድ የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዘበኛው ነው፦ «ጋሼ፣ ውሻው ሰው ከለመደ ማን ሊጠብቅ ነው?» ተገቢ ጥያቄ ነውና በቅጡ መመለስ አለበት። ቀን ከሌት በሁለት ሜትር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ለነፋሱም፣ ለባጃጁም፣ ለሌባውም እኩል ይጮኻል። ቤተሰቡ ጩኸቱን ይለምደውና መስማት ያቆማል። በየቀኑ ወጥቶ የሚመለስ ውሻ ግን የጋሪ ኮቴና የአላፊ አግዳሚ ድምፅ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ዝም ይላል፤ ሌሊት ሲጮኽ ሰው ከአልጋው የሚነሳለት እሱ ነው። በጉዞው ላይ እንግዳ ሰው እንዲደባብሰው ወይም ምግብ እንዲሰጠው ስለማይፈቀድ ለማያውቀው ሰው ያለው ጥንቃቄ አይጠፋም። ይህንን ለባለቤቱም ለዘበኛውም አብራሩላቸው። ዘበኛው ካላመነ በሩን በወቅቱ አይከፍትም፣ ሥራውም በየቀኑ ይዘገያል።

ከውጭ አገር ቪዲዮ ያየ ሰው ስድስት ሰባት ውሻ በአንድ እጅ ይዞ መሄድ ይመኛል። ብሪታንያ ውስጥ የእንስሳት ደህንነት ድርጅቶች አንድ ሰው ከአራት በላይ እንዳይዝ ይመክራሉ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፈቃድ ላለው እስከ ስምንት ትፈቅዳለች። እዚያ ብዙዎቹ ውሾች ከቡችላነታቸው ጀምሮ ሌላ ውሻና መንገድ እያዩ ያደጉ ናቸው። እኛ ዘንድ የምናንሸራሽረው የግቢ ጠባቂ ውሻ ነው፤ ሌላ ውሻ የሚያውቀው በአጥር ቀዳዳ ነው። ደሴ ደግሞ ቁልቁለት ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች ወደ መሀል ከተማ ሲወረድ፣ እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ጀርመን ሸፐርድ ድቅሎች 90 ኪሎ ናቸው። አንዱ ድመት አይቶ ቢወረወርና ሌሎቹ ቢከተሉት፣ ርጥብ ኮብልስቶን ላይ የቆመ 65 ኪሎ ሰው በደረቱ ይወድቃል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ሦስት። አራተኛው የሚጨመረው ሦስቱ አብረው ሁለት ወር ያለ ጠብ ከሄዱ በኋላ፣ እሱም ትንሽና ገራም ከሆነ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደብተር ይዞ የመጠየቂያ ቀን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ የሌለው ውሻ፣ የማንም ይሁን የማን፣ አይወጣም። ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይደገማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ መከላከያው እስኪጎለብት አራት ሳምንት ግቢው ውስጥ ይቆይ። ባለቤቱ «ተከትቧል» ብሎ ቀኑን ካላወቀ እንዳልተከተበ ቁጠሩት። ቀጥሎ የትላትል መድኃኒት ነው። በአረፋና በፋሲካ ሰሞን የትል እጭ የያዘው የእርድ ሳንባና ጉበት ለውሻ ይጣላል፤ ውሻውም በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ የውሃ ከረጢት የሚያወጣውን ኮሶ መሰል ትል ከዚያ ያገኛል፣ እንቁላሉንም በዓይነ ምድሩ ይበትናል። ለዚህ ትል የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ነው። ጥሬ ሆድ ዕቃ ለሚበላ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ፣ ለሌላው በየሦስት ወሩ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ይስጠው። በመንገድ ላይ ዓይነ ምድሩን በፌስታል አንስቶ አስሮ መጣልም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ውሻውን ሰው ላይ ለመልቀቅ በምን ቃል ታዙታላችሁ? አብዛኛው ቤት «ያዘው!» ይላል። መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችም «ያዘው!» ይላሉ። በዚህ ቃል የሰለጠነ ውሻ የአፍ ማሰሪያ ሳያደርግ ከግቢ አይወጣም። የራሳችሁን ትእዛዝም ስትመርጡ «ና» እና «ተው» በየደቂቃው ከየቤቱ ስለሚሰሙ አይረቡም። ሰፈሩ የማይጮኸው አጭር ቃል ውሰዱና ለሁሉም ውሾች እሱኑ አስተምሩ።

ሴት ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ብዙዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣባቸዋል። ከመጀመሪያው የደም ምልክት ጀምሮ አራት ሳምንት ከቡድኑ ትወጣለች። ባለቤቱ ሳያስተውል ቢቀር ወንዶቹ ይነግሯችኋል፤ በአንድ ጠዋት ሁለት የተስማሙ ወንዶች ምክንያት የሌለው በሚመስል ጠብ ከገቡ መጀመሪያ ሴቷን እዩ።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ማሰሪያው ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር፣ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከመኪና መለዋወጫ ተራ የሚገኘው የመቀመጫ ቀበቶ ጨርቅ በቆዳ ሰፊ ድርብ ስፌት ሲሰፋ ለዓመታት ያገለግላል። ቀድሞ የሚበጠሰው ጨርቁ ሳይሆን መንጠቆው ስለሆነ እሱን በየሳምንቱ ፈትሹ። የአንገት ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ብቻ ይግባ፤ ሦስት ከገባ ውሻው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጭንቅላቱን ያወጣል። የአፍ ማሰሪያው እንደ ቅርጫት የተሠራ፣ ውሻው አፉን ከፍቶ የሚያለከልክበት ይሁን። አፍን ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው የጨርቅ ዓይነት ኮምቦልቻ ላይ ውሻ ሊገድል ይችላል፤ ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያወጣው በማለክለክ ነውና። ማሰሪያን እጅ ላይ መጠምጠም ጣት ይሰብራል፣ ቁልቁለት ላይ ወገብ ላይ ማሰር ደግሞ ሰው ይጥላል።

አሁን ዋናው፦ ማስተዋወቅ። አዲስ ውሻ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ብቻውን ከእናንተ ጋር ይወጣል፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ። መሳቡን፣ የሚፈራውን፣ የሚጠላውን ታውቃላችሁ። በአራተኛው ቀን ከቡድኑ በጣም ገራም የሆነው አንድ ውሻ፣ በተለይ ጎልማሳ ሴት ብትሆን ጥሩ ነው፣ በሌላ ሰው እጅ ይመጣል። ሁለቱ አፍ ለአፍ አይገናኙም። አምስት ሜትር ተራርቀው በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ማሰሪያው ልል ሆኖ ሁለቱም መሬት ማሽተት ሲጀምሩ ርቀቱ ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ አንድ ሜትር ይጠባል። ጅራቱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አፉን ዘግቶ ዓይኑን የተከለ ውሻ ካለ ወደ አምስት ሜትር ተመለሱ። ሲሸታተቱ ሦስት ሰከንድ ይበቃል፤ ማሰሪያው ሳይወጠር ጠርታችሁ ለዩዋቸው። የተወጠረ ማሰሪያ ውሻውን ደረቱን ስለሚያስነፋው ሌላኛው እንደ ዛቻ ይቆጥረዋል። ይህ በየቀኑ ተደርጎ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በሁለት ቀን የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ቁስል ሲያጥብ ይገኛል።

ያልተኮላሹ ሁለት ጎልማሳ ወንዶችን፣ በተለይ እኩል መጠን ያላቸውን፣ በአንድ ቡድን አታድርጉ። አስቸጋሪው ስፍራ ደግሞ በር ነው። ሁለት ውሻ ይዞ ወደ ሦስተኛው ግቢ በር መጠጋት ማለት ጠባቂውን ውሻ በገዛ ደጁ መድፈር ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት ዘበኛው ጋ ይደወልና ውሻውን ከበሩ ሃያ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ ያምጣው፤ እዚያ ሲገናኙ ቡድኑ ቆሞ አይጠብቅም፣ እየሄደ ይቀበለዋል። ሲመለሱም እንዲሁ ነው።

መንገድ ሲመረጥ ሁለቱ ከተሞች አይመሳሰሉም። ርቀታቸው በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ መጀመሪያ ዳገት ይወጣል፤ ውሻው ጉልበቱን ወደ ላይ ሲስብ ይጨርስና ቁልቁለቱን በዝግታ ይወርዳል። ከጠዋቱ 12፡00 በፊት መውጣት አያስፈልግም፤ ዳር ሰፈሮች ላይ ጅብ ገና ወደ ዋሻው ሳይመለስ ይገኛል፣ ለጅብ ደግሞ ውሻ ምግብ ነው። ሰኞ ሰኞ «ሰኞ ገበያ» የተባለውን ስፍራ የሚያዋስኑት መንገዶች በበግና በፍየል ስለሚሞሉ ሙሉ በሙሉ ይቀራሉ። ኮምቦልቻ ላይ ፈተናው ሙቀቱ ነው። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ የውሻው መዳፍም አይችልም። ለአንድ ሰዓት ጉዞ ለአንድ ውሻ ግማሽ ሊትር ውሃ ተሸከሙ። ከተማውና ፋብሪካው ፍሳሻቸውን የሚለቁበትን የቦርከናን ወንዝ ውሃ አያጠጡትም። የውሻ ጤነኛ ሙቀት 38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ41 ካለፈ አንጎሉም ኩላሊቱም አደጋ ላይ ነው። ምላሱ ደም የመሰለ፣ አካሄዱ የሚንገዳገድ ውሻ ካያችሁ ጥላ ሥር ሆዱንና ብብቱን በውሃ አርሱ፣ በጃኬት አራግቡለት፤ ወደ ሐኪም የሚኬደው ማቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ ነው። በርጥብ ጨርቅ አትሸፍኑት፣ ሙቀቱን ያፍንበታል። ኮምቦልቻ ላይ መዥገር ስለሚበዛ ከየጉዞው በኋላ በጣቶቹ መሀልና በጆሮው ውስጥ ይፈተሻል።

የሰው ክብርም መንገድ ይወስናል። ወደ ሶላት የሚሄድ ሰው የውሻ ምራቅ ልብሱን ቢነካው ማጠብ አለበት፤ ስለዚህ የመስጊድ በር ላይ በአዛን ሰዓት አይታለፍም፣ ጠባብ መንገድ ላይም ወደ ዳር የሚወጣው ውሻ የያዘው ነው። በረመዳን ሰው ለኢፍጣር ሲቻኮል መንገዱ ስለሚሞላ የማታው ዙር ከ11፡30 ፈጽሞ አይለፍ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሲያበቃም እንዲሁ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መራቅ ነው።

የሰፈር ውሾች ከሉካንዳና ከቄራ አካባቢ በቡድን ይመጣሉ። መሮጥ ማሳደድን ይጋብዛል። ውሾቻችሁን ወደ ግንብ አስጠግታችሁ በእነሱና በመጤዎቹ መካከል ቁሙ፤ ከኪስ እፍኝ ደረቅ እንጀራ ወይም ዳቦ ከመጤዎቹ ጀርባ በትኑ፣ ዞረው ሲለቅሙ እለፉ። ለድንጋይ ጎንበስ ማለት የሰፈር ውሻን እንደሚያባርር ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን በእጃችሁ ያለውም ውሻ ድንጋይ ሲወረወርበት ያደገ ሊሆን ይችላል። ጎንበስ ስትሉ ደንግጦ ማሰሪያውን ሊያስለቅቃችሁ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻውን ሳለ ፈትኑት። ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆችን መቆጣት ጨዋታ ያደርገዋል። ቆም ብሎ የውሾቹን ስም ነግሮ «ከሩቅ ሆናችሁ ጥሯቸው» ማለት በሳምንት ውስጥ ሰፈሩን ይለውጠዋል።

ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማስወገድ መርዝ የተቀባ ሥጋ የሚጣልበት ጊዜ አለ። ዘመቻ መኖሩን ከቀበሌ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካለ ውሾቹ ለሁለት ሳምንት አይወጡም። ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ የበላ ውሻ ከአሥር ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይገተራል፣ በትንሽ ድምፅም ይንዘፈዘፋል። በጨርቅ ሸፍኖ፣ ጨለማና ጸጥታ ውስጥ አድርጎ ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ እንጂ ወተት መጋትና ማስመለስ ትንፋሹን ያንቀዋል።

ጠብ ከተነሳ እጅ ወደ አንገት አይገባም። በውሃ መርጨት፣ አሮጌ ጋቢ ጭንቅላታቸው ላይ መጣል ይቀድማል። ሁለት ሰው ካለ እያንዳንዱ የአንዱን ውሻ የኋላ እግሮች ይዞ ወደ ኋላ ይጎትታል። ብቻውን የሆነ ሰው የአንዱን ማሰሪያ እንጨት ላይ ያስርና ሌላውን በኋላ እግሩ ይስባል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ውሻው አይገደልም፤ ታስሮ አሥር ቀን ይታያል። ውሻው የተከተበ መሆኑ ከጤና ጣቢያ አያስቀርም።

ከንግድ ፈቃዱና ከቲን ቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ኃላፊነቱ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳውን ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ፣ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ በቁጥር 2072 ደግሞ እንስሳውን ተረክቦ የያዘውን ሰው። ማሰሪያው እጃችሁ ላይ ባለበት ሰዓት እናንተም ተጠያቂ ናችሁ። ውሉ የተረከባችሁበትንና የመለሳችሁበትን ሰዓት፣ የክትባቱን ቀን፣ ሐኪም ያስፈለገ እንደሆነ ማን እንደሚከፍል ይግለጽ።

ዋጋ ሲወጣ በሞላው ቁጥር አታስሉ። ደሴ ላይ ጠዋት ከ12፡15 እስከ 1፡45፣ ከ2፡00 እስከ 3፡30፣ ማታ ከ10፡00 እስከ 11፡30 ሦስት ዙር ይሠራል፤ ዘጠኝ ውሻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የታመመ፣ ባለቤቱ የተጓዘ ወይም ከቡድን የወጣች ሴት ስለማይጠፋ በሰባት አካፍሉ። ለስሌት ያህል፣ ወርሃዊ ወጪና ደመወዝ 18,000 ብር ቢሆን በዘጠኝ 2,000፣ በሰባት ግን 2,570 ገደማ ይመጣል፤ የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው። ክፍያ ወሩ ሲገባ በቴሌብር። ኮምቦልቻ ላይ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሁለተኛው የጠዋት ዙር በሙቀት ምክንያት ስለማይቻል ቁጥሩ ስድስት ይሆናል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። አሥረኛ ደንበኛ ሲመጣ አራተኛ ማሰሪያ ከመጨመር ሁለተኛ ሰው ቅጠሩ፤ እሱም የመጀመሪያውን ወር ከአንድ ገራም ውሻ ጋር ብቻ ይሂድ።