64 የሚችል፣ 32 የተጫነበት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሑድ ነው፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ የኅዳር ብርድ በመስኮቱ ስር እየገባ እግሬን አደንዝዞታል። እንዲህ ሲለኝ እጄ ሥራ ካልያዘ አይሆንልኝም። ላፕቶፑን አወጣሁት።

ያው የምታውቁት ነው። የታላቄ የነበረው፣ ማጠፊያው የላላው። ዊንዶውስ 10 ነበር የተጫነበት። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያው ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንዲህ ያረጀ ፕሮሰሰር አይቀበልም። ልጥለው አንጀቴ እምቢ አለ። ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ልጫንበት ብዬ ከወሰንኩ ሁለት ሳምንቴ።

ባለፈው ሳምንት ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ላወርድ ስገባ ሁለት ስም ፊቴ ተደቀነ፤ አንዱ ኤኤምዲ64፣ ሌላው አርም64። ላፕቶፑን ዞር አድርጌ አየሁት። ኢንቴል ኮር አይ3 የሚል ተለጣፊ አለበት፣ ጠርዙ የተላጠ። ኢንቴል ከሆነ ኤኤምዲ የሚለው የሌላ ሰው ነው ብዬ አርም64ን አወረድኩት። ዳታዬ አለቀ፣ ፍላሹን አዘጋጀሁ፣ ሰካሁት። ላፕቶፑ ፍላሹን እንደሌለ ቆጠረው። ስህተት ነው እንኳን አላለኝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፍላሹ ተበላሽቶ መስሎኝ ሳወጣና ስከት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሌላ ሰው ዳታውን እንዳይጨርስ ልንገራችሁ። ቢት ማለት ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የቁጥር ስፋት ነው። ከነባሩ ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ጋር የሚስማማውን የ64 ቢት አሠራር የነደፈው ኤኤምዲ የሚባለው ኩባንያ ነው። የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር፣ ኦፕተሮንን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አወጣ። ኢንቴል ያን ጊዜ ኢታኒየም የሚባል የራሱን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር፣ የድሮ ፕሮግራሞችን እንደልብ የማያስኬድ። በ2004 እሱም ወደ ኤኤምዲ መንገድ መጣ። ስሙ ግን ቀድሞ በነደፈው ሰው ቀረ። ስለዚህ ተለጣፊው ኢንቴል ይበል ኤኤምዲ፣ የዚህ ዘመን ተራ ላፕቶፕ ከሆነ የሚወርደው ኤኤምዲ64 ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ኤክስ86-64 ወይም ኤክስ64 ብሎ ይጽፈዋል፣ ሁሉም አንድ ነው። አርም ሌላ ዘር ነው። የስልኮቻችን ፕሮሰሰር ነው፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የመጡት ኤም1ና ተከታዮቹ ያሉባቸው የአፕል ኮምፒዩተሮችም የእሱ ወገን ናቸው።

ዛሬ እንዳልሳሳት ብዬ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ስለ ኮምፒዩተሩ የሚለውን ከፈትኩ። ሁለት መስመር አነበብኩና እጄ ቆመ።

የተገጠመው ራም 8 ጊጋ፣ የሚሠራው 2.9 ጊጋ። ከሱ በታች፣ ሲስተሙ 32 ቢት፣ ፕሮሰሰሩ 64።

ራም ኮምፒዩተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር የሚይዝበት ማስታወሻው ነው። 8 ጊጋውን እኔ ነኝ ያስጨመርኩት። ከደመወዜ ቆጥቤ። ምንም ለውጥ ሳይመጣ ሲቀር ላፕቶፑ አርጅቷል ብዬ ተውኩት። ለካ አላረጀም። እንዲህ ያለ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ መቁጠር የሚችለው አራት ቢሊዮን ከ294 ሚሊዮን ምናምን አድራሻ ብቻ ነው፣ እሱም 4 ጊጋ መሆኑ ነው፣ ከዚያም ላይ ለስክሪኑና ለሌላው ዕቃ የሚነሳ አለ። የቀረው ራም የቤት ቁጥር እንዳልተሰጠው ቤት ነው። ቆሟል፣ ግን ማንም አያንኳኳውም።

ታላቄ ያኔ ፎርማት ያስደረገበት ሱቅ እጁ ላይ ያገኘውን 32 ቢት ጭኖ መልሶለታል። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። 64ቱን 32 ብቻ በሚችል ማሽን ላይ ብትጭኑት አልነሳም ይላል፣ ይህ ፕሮሰሰር አይሆነኝም ብሎ ይጽፋል። 32ቱ ግን በሁለቱም ላይ ይሄዳል። ይነሳል፣ ይከፈታል፣ ይጻፍበታል። ስለዚህ ማንም ስህተት መኖሩን አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት።

ኤኤምዲ64ን ማውረድ ጀመርኩና ለእማ ነገርኳት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የዕቁቧን ደብተር ትሠራ ነበር። የምለው ሁሉ እንደማይገባት አውቃለሁ፣ ግን የምነግረው ሰው አጠገቤ እሷ ነበረች። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ታዲያ ይችል ኖሯል?» አለች።

«አዎ እማ። ከድሮም ይችል ነበር።»

«እንግዲህ ማን ጠይቆት» ብላ ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

እኔ አልተመለስኩም። እጇን ሳይ ቆየሁ። ባለመስመር ደብተር ነው፣ ዳሩ በዘይት የወዛ። ስሞቹን በእስክሪብቶ፣ ያልከፈሉትን በእርሳስ ትጽፋለች፣ ሲከፍሉ እንዲጠፋላት። 28 ሰው ሙሉ ዕጣ በ500፣ ስድስት ሰው ግማሽ በ250። ስልኬን አውጥቼ ካልኩሌተሩን ሳልከፍት «አሥራ አምስት ሺህ ከአምስት መቶ» አለች። ሦስት ሙሉና አንድ ግማሽ አልገባም። «አሥራ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ እጄ ላይ አለ።» ከንፈሯ እንኳን አልተንቀሳቀሰም። ይህን ልጅ ሆኜ ጀምሮ አየዋለሁ፣ ግን ዛሬ ነው ያየሁት።

እማ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። 14 ዓመቷ ነበር። ማታ ማታ፣ ቀን ውሃ ስትቀዳ ውላ። የምስክር ወረቀቷ ዛሬም አራት ላይ ታጥፎ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አለ፣ በእጥፋቱ በኩል ሊበጠስ ደርሷል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ፣ ቡና እየቆላች። መምህሩ ቤት ድረስ መጥቶ አያቴን «ይህች ልጅ ቀለም ይገባታል፣ መደበኛ ትምህርት ቤት አስገቧት» አለው። አያቴ አመሰገነው፣ ጠላ ቀዳለት፣ ሸኘው። በዓመቱ ተዳረች። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ አምስት ልጅ፣ እንጀራ መሸጥ፣ የአባባ ሕመም።

ሁላችንንም አደረሰችን። ቤቱ ቆመ፣ አንድ ቀን ጾማችንን አላደርንም። ለዚህ ይሆን ማንም ያላየው? የሆነ ነገር እምቢ ቢል ኖሮ፣ ቢቆም፣ አልነሳም ቢል፣ አንዳችን ከፍተን እናየው ነበር። እማ ግን ሁሌ ትነሳለች። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስንቄን ስትቋጥር «አንቺስ ምን መማር ትፈልጊ ነበር?» አላልኳትም። ታላቄም አላላትም። አምስት ልጅ ሆነን አንዳችን።

ላፕቶፑን ዞር ብዬ ሳየው ማውረዱን ጨርሶ ስክሪኑ ጠፍቷል። መቼ እንደጨረሰ አላስተዋልኩም። ፍላሹን ሳልሰካ ከደንኩት።

እማ አሁን ተኝታለች። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እርሳሱ መሃሉ ላይ። ሰፈራችን ውስጥ የማታ ትምህርት እንዳለ አውቃለሁ፣ በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ። 61 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ በጊዜ ትተኛለች። ነገ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ልጠይቃት አስቤያለሁ። ግን ምን ብዬ? «መማር ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ነው ወይስ «ያኔ ትፈልጊ ነበር?» ብዬ? ሁለተኛውን ብላት፣ የምትመልስልኝን መስማት እችላለሁ?