መታወቂያሽን እስክታወጪ የልጅሽን ልደት አታስጠብቂ

ጅማ ውስጥ ግቢ የሚያከራይ ሰው ይሄን ጉዳይ ሳያውቀው አይቀርም። ተከራይ ትወልዳለች፣ ግቢው እልል ይላል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ከዛ ሶስት አመት አልፎ ልጅቷ ኬጂ ልትገባ ስትል "የልደት ካርድ አምጡ" ሲባል ነው ሰው የሚደናገጠው። ያኔ ለምን አላስመዘገባችሁም ስትላቸው መልሱ ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ መታወቂያ አልነበረኝም፣ እሱን ላወጣ ስል ጊዜው አለፈ። እኔ የምለው አትጠብቂ ነው። የራስሽ መታወቂያ ሌላ ጉዳይ ነው የልጅሽ ልደት ሌላ ጉዳይ ነው፣ የልጅሽ ደሞ ቀን ተቆርጦለታል።

ቀኑ 90 ነው። የወሳኝ ኩነት አዋጁ፣ 760/2004 የሚባለው፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል ግን እኛ ጋ አራስ ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ሳትነሳ እናትየው ከቤት አትወጣም፣ እና ሴት የወለደች ሰው ድግሱን አልፋ እቃውን አጣጥባ ቀና ስትል የሚተርፋት 10 ቀን ነው፣ እሱም ቅዳሜና እሁድ ሳይቀነስለት። የሚገርመው ብዙ ሰው "ክርስትና ሳትነሳ ምን ተብላ ትመዘገባለች" ይላል፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው መጠሪያ ስሟ እንጂ የክርስትና ስሟ አይደለም እኮ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዚህ ይበልጡናል፣ በሰባተኛው ቀን አቂቃ አርደው ስሙን አውጥተው ነፃ ናቸው።

ሌላው ሰው የሚሸወድበት ክትባቱ ነው። ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው፣ "14 ሳምንቷን ስናስከትብ በዛው ቀበሌ ጎራ እንላለን" የሚል ብዙ ነው፣ ግን አስሉት፣ 14 ሳምንት 98 ቀን ነው፣ አለፈ። ስለዚህ የ10 ሳምንቱ ቀን ልጅቷን እንደታቀፍሽ ከጤና ጣቢያ በቀጥታ ወደ ቀበሌ። ካለፈም አይመዘገብም ማለት አይደለም፣ ግን "የዘገየ" የሚል ስም ይለጠፍበትና ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል።

አሁን ወደ እኛ ግቢ ልምጣ። ተከራያችን ከዳውሮ ነው የመጣችው፣ ገና ልጅ ሆና ሰው ቤት ልትሰራ፣ ኋላ ቡና መጋዘን ገብታ ቡና ትለቅም ነበር። መታወቂያ የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም። እዚህ ቀበሌ ለማውጣት ከመጣችበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ ይሏታል፣ እዛ ደሞ ልጅ ሆና ስለወጣች መዝገባቸው ላይ የለችም፣ የሌለን ሰው እንዴት ብለው ይሸኛሉ። ባልየው መታወቂያ አለው ግን የሊሙ ነው፣ ከታደሰ ቆይቷል፣ ፎቶው ራሱ ደብዝዞ የሱ ይሁን የወንድሙ አይለይም።

ያላቸው አንድ ጠንካራ ነገር ሆስፒታሉ የሰጣት የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ነበር። ይሄን ወረቀት ሰው ይንቀዋል፣ ከመድሀኒት ማዘዣው ጋር አጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ይወረውረዋል፣ ግን መታወቂያ ለሌለው ሰው ከሱ የሚበልጥ የለም፣ ልጅቷ መቼ የት ከማን እንደተወለደች ያየ ባለሙያ ፈርሞ ማህተም ያደረገበት ነው። ቤት የወለደች ደሞ የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን ትጠይቅ፣ ማሳወቂያ በነሱ በኩልም ይሰጣል።

ችግሩ ስሙ ላይ ነው። ምጥ ሲይዛት ሌሊት በባጃጅ ይዛት የሮጠችው ጎረቤታችን ናት፣ ካርድ ክፍል ስሟን ሲጠይቋት ሰፈር የሚጠራትን የቤት ስሟን አስመዘገበችላት፣ ሌላ ስም እንዳላት እኛም ያወቅነው ያኔ ነው። እና ወረቀቱ ላይ ያለችው እናት ሌላ፣ ቀበሌ ሄዳ "እናቷ ነኝ" የምትለው ሌላ። ይሄንን ለማስተካከል ካርድ ክፍል፣ ከዛ ማዋለጃ፣ ከዛ ተመልሶ ካርድ ክፍል፣ የፈረመችው አዋላጅ ተረኛ የምትሆንበትን ቀን ጠብቆ... በቃ እሱን አታስወሩኝ። እባካችሁ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡት፣ የአባት የአያት ስምም ጭምር።

ቀበሌ ስንሄድ መጀመሪያ ያገኘናት ሰራተኛ (ወጣት ናት፣ አልፈርድባትም፣ የተሰጣትን ዝርዝር ነው የምታነበው) ቀና ሳትል "የሁለቱም የታደሰ መታወቂያ" አለች። የላትም አልኳት። "መታወቂያዋን አውጥታ ትምጣ" አለች፣ ቀጣይ! አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው፣ እናትየውም እያፈረች "እትዬ በቃ እንሂድ" ማለት ጀመረች። እኔ ደሞ ግትር ነኝ፣ የሚመዘግበው ሰው ማነው፣ እሱን ላናግር አልኩ። የሚመዘግበው ሰው ማዕረጉ የክብር መዝገብ ሹም ነው፣ ይሄን ስም ጠርቶ መጠየቅ ራሱ ይረዳል፣ ከሰልፉ ሰው ለየት ብለሽ ትታያለሽ።

ሹሙ ጠና ያሉ ሰውዬ ናቸው። ማሳወቂያውን አገላብጠው አዩት፣ ህፃኗን አዩ፣ ከዛ "ልጄ የት ነው የምትኖሪው፣ ከማን ጋር" ብለው እናትየውን ራሷን ጠየቋት። እስከዛ ድረስ ሁሉም ሰው የሚያወራው ከኔ ጋር ነበር። ከዛ ሶስት ምስክር መታወቂያቸውን ይዘው ይምጡ፣ አከራይዋ ቤታቸው እንደምትኖር ይጻፉ፣ የጎጥ መሪው ያረጋግጥ፣ የባልየውንም አሮጌውን መታወቂያ ኮፒ አድርጋችሁ አምጡ አሉ። አለቀ። እኔ የሁሉም ቀበሌ አሰራር እንዲህ ነው አልልም፣ ግን "መታወቂያ የለም" ሲባል "እሺ በምን እናረጋግጥ" ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስክታገኙ ድረስ ከዛ ግቢ አትውጡ።

ምስክር ማግኘት ጅማ ችግር አይደለም፣ ከአጠገባችን ያለችው ሀጂቱ ሱቋን ዘግታ ነው የመጣችው፣ ጋራዥ ያለው ሰውዬ በዘይት እጁ ፈረመ፣ ሶስተኛዋ ያቺ የባጃጇ ጎረቤታችን ናት፣ ለስሙ ጥፋት ካሳ መሆኑ ነው።

ቅጹ ሲሞላ ያላሰብነው ነገር መጣ። ቅጹ ስለልጅቷ ብቻ አይጠይቅም፣ የወላጆቿን የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ዜግነት፣ ብሔር፣ ሀይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ ሁሉ ይጠይቃል። መታወቂያ ቢኖር ግማሹ ከሱ ላይ ይገለበጥ ነበር። መቼ ተወለድሽ ሲሏት ዝም አለች፣ ከዛ "እናቴ የበቆሎ እሸት ሲደርስ ነው ትላለች" አለች። አመቱንስ? ታላቅ ወንድሟ አንደኛ ክፍል በገባ በዓመቱ። ሹሙ ሳይስቁባት እስኪርቢቶ ይዘው ከወንድሟ እድሜ ጀምረው ቆጠሩላት። እሷ ልጇን ልታስመዘግብ ሄዳ የራሷንም እድሜ አወቀች ማለት ነው፣ በግምትም ቢሆን።

ፎቶም ብለውናል፣ ጉርድ ፎቶ። የሁለት ወር ልጅ አንገቷ ሳይጠና እንዴት ነው ጉርድ የምትነሳው? ፎቶ ቤቱ ነጭ አንሶላ መሬት ላይ አንጥፎ ካሜራውን ከላይ ዘቅዝቆ አነሳት፣ ገና ፍላሹ ሲበራ አይኗን ትጨፍናለች፣ የተሳካው አንዱ ላይ ደሞ ቡጢዋን ጨብጣ የተጣላች ነው የምትመስለው። እሱን ወሰዱት።

በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ ግራ መጋባት ለምን እንደሆነ ሳስብ አገሩ ራሱ ለምዝገባ አዲስ ነው። የ1952ቱ ፍትሐብሔር ህግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጽ ጽፎ ሲያበቃ መጨረሻው አካባቢ 3361 ላይ በነጋሪት ጋዜጣ ትዕዛዝ እስኪወጣ ድረስ አይሰራም ብሎ አሳደረው፣ እንዳደረም ቀረ። በአገር ደረጃ ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። በዛው ሰሞን የተሰራው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት (በፈረንጅ 2016) ከአምስት አመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ነው ብሎ ነበር። ህገ መንግስቱ ደሞ በ1987 አንቀጽ 36 ላይ ህፃን ሁሉ ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ብሏል፣ እናትየው መታወቂያ ካላት አይልም።

የልደት ካርዱን ወስደናል። ተከራያችን ላሚኔት ላስደርገው ስትል የኔ እናት ከእጇ ቀማቻት፣ ልክ ናት፣ አንድ ቀን ጀርባው ላይ ማህተም የሚጠየቅበት ጊዜ ይመጣል፣ ኮፒውን ላሚኔት አድርጉ። የተከራያችን የራሷ ጉዳይ ግን ገና ነው፣ መሸኛውን ወንድሟ ዳውሮ ተርጫ ሊያስጨርስላት እየሞከረ ነው፣ እስከዛ ፋይዳ ትመዝገብ ብለናል፣ የፋይዳው አዋጅ (1284/2015) ማስረጃ የሌለው ሰው ቀድሞ በተመዘገበ ምስክር እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፣ እኔ ተመዝግቤያለሁ ምስክር እሆናታለሁ። የቀበሌ መታወቂያውን አይተካም፣ ግን ስሟ በትክክል የተጻፈበት አንድ ነገር በእጇ ይኖራል፣ የቤት ስሟ ሳይሆን።